ሁለቴ ሂድ፣ አንዴ ቁም

ከፈለኝ በሕይወት ሳለ ቤቱ ደጃፍ ላይ ክላክስ አድርጎ አያውቅም። ክላክሱ ስለማይሠራ አይደለም፤ እንዲያውም የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የሚያስጮህ ክላክስ ነበር። ግን ከፈለኝ ባለመኪና ከመሆኑ በፊት በሚዛንና በቴፒ መካከል በሚመላለስ ቅጥቅጥ አይሱዙ ላይ ለብዙ ዓመታት ረዳት ነበር፤ ረዳት ደግሞ ከሾፌሩ ጋር የሚነጋገረው በመዳፉ ነው። የመኪናውን ጎን ሁለቴ ሲመታ «ሂድ» ማለት ነው፤ አንዴ ሲመታ «ቁም፣ ወራጅ አለ» ማለት ነው። በኋላ ሾፌር ሆነ፤ ቀጥሎም የራሱን አረንጓዴ ፒክአፕ ገዝቶ ከጌጫ ኮረሪማና ማር፣ ከቴፒ ቡና መጫን ጀመረ። እጁ ግን ረዳት እንደሆነ ቀረ። አመሻሽ ላይ ከመንገድ ሲመለስ በሩ ላይ ይቆምና ግራ ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ፣ በጣቱ ባለው ቀለበት የመኪናውን በር መጀመሪያ ሁለቴ፣ ትንሽ ቆየት ብሎ አንዴ ያንኳኳል። ኳ ኳ። ኳ።

«ሁለቱ ሂድ ነው» ይላት ነበር ሚስቱን። «ቀኑን ሙሉ ስሄድ ዋልኩ ማለቴ ነው። አንዱ ደግሞ ቁም፣ ወራጅ አለ ነው። ወራጁ እኔ ነኝ።»

ሚስቱ የዓለምዘርፍ የያዘችውን ጥላ፣ ከየትኛውም የቤቱ ጥግ ብትሆን «መጣሁ» ትላለች። ሽንኩርት እየከተፈች ከነበረ ቢላዋዋን እንደያዘች፣ ልብስ እያጠበች ከነበረ አረፋው ከእጇ እየተንጠባጠበ ትሮጣለች። ልጃቸው ሮዳስ ከፍ ስትል ደግሞ እናትና ልጅ በሩን ለመክፈት መሽቀዳደም ጀመሩ። ከፈለኝ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ የሁለቱን ነጠላ ጫማ ኮቴ እያዳመጠ ማን እንደምትቀድም ይገምታል፤ ሁልጊዜም ይሳሳታል፤ ወይም ደስ እንዲላቸው የተሳሳተ ይመስላል። እንዲህ እያለ ዓመታት ሲያልፉ፣ ያ ወፍራም የብር ቀለበት ከመስኮቱ በታች ያለው ላሜራ ላይ ጥቃቅን ስርጉዶች አበጀ። ከሩቅ አይታዩም። ፀሐይ በጎን ስትመታቸው ግን የድሮ ሰው ፊት ላይ ያለ የፈንጣጣ ጠባሳ ይመስሉ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ከፈለኝ ደረቴን አመመኝ ብሎ ከጓደኛው ከጌታሁን ጋር ወደ ጅማ ሄደ። መኪናዋን የነዳው ራሱ ነበር። የታመመ ሰው መሪ አይለቅም ወይ ብላ የዓለምዘርፍ ተቆጣችው፤ እሱም እንደ ልማዱ ስቆ ሄደ። ከቀናት በኋላ፣ ልክ እሱ በሚመለስበት ሰዓት፣ የመኪናዋ ድምፅ ከታች ከመታጠፊያው ተሰማ። የዓለምዘርፍ ያንን ሞተር ከስንት መኪና መሃል ትለየዋለች። ተነሥታ ነጠላዋን አጣፍታ ማንኳኳቱን ጠበቀች። የመጣው ክላክስ ነው። ጌታሁን ምስኪኑ ሌላ ምን ያድርግ፤ ሰው በር ላይ ሲደርስ የሚያደርገውን አደረገ። እሷ ግን ገና በሩ ሳይከፈት፣ ማንም ምንም ሳይነግራት አወቀች። «መጣሁ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ እንደደረሰ ቀረ፤ ከዚያን ቀን ወዲህም ከአፏ አልወጣም።

መኪናዋም ከዚያን ቀን ጀምሮ ግቢው ውስጥ አቮካዶው ሥር ሸራ ለብሳ ቆመች። ቀለበቱን የዓለምዘርፍ ከአርባው በኋላ ለልጇ ሰጠቻት። ሮዳስ እንዳይወልቅባት ክር ጠምጥማበት በመሃል ጣቷ አደረገችው፤ ተመርቃ ጅማ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ስታገኝም ይዛው ሄደች። የዓለምዘርፍ ለራሷ ያስቀረችው በሩን ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። አመሻሽ ላይ የሸራውን ጠርዝ ገለጥ ታደርግና መዳፏን ከመስኮቱ በታች ታሳርፋለች፤ ስርጉዶቹን አንድ በአንድ በጣቷ ጫፍ ትዳስሳለች። እንባው እንኳ አልቆላታል፤ ናፍቆቱ ነው አልልቅ ያላት። ሳቁ ይናፍቃታል፤ ኩርፊያው ይናፍቃታል፤ ከመንገድ ሲገባ ልብሱ ላይ ያለው የኮረሪማና የናፍጣ ሽታ ይናፍቃታል። ከሁሉ በላይ ግን ማንኳኳቱ ይናፍቃታል፤ ሰው ጠርቷት እሷ መሄዷ።

ዘንድሮ ሮዳስ ለዓመት ፈቃዷ ስትመጣ መንጃ ፈቃድ አውጥታ መጣች። መኪናዋ እንዲህ ቆማ ከምትበሰብስ ላስነሣት አለች፤ እናቷም እሺ አለች። ባትሪው ተቀየረ፣ ጎማዎቹ ተነፉ፣ መካኒክ መጥቶ ሞተሩን አስነሣው። ሞተሩ ሲነሣ የዓለምዘርፍ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሮዳስ ደግሞ ዘይት የምታይ መስላ አንገቷን ከኮፈኑ ሥር አላወጣችም። እናትና ልጅ ስለ ከፈለኝ ሞት አይነጋገሩም ነበር። አንዷ ሌላዋን እንዳታስለቅስ ትጠነቀቃለች፤ እንዲህ ሲጠነቃቀቁ ሁለት ዓመት ሙሉ የአየር ጠባይና የአቮካዶ ወሬ ሲያወሩ ከረሙ። ይሄ ደግነት ነው ይባል ይሆናል፤ እኔ ግን ሞኝነት ነው እላለሁ።

የወሩ የማርያም ዕለት የዓለምዘርፍ አስቀድሳ ስትመለስ ሸራው ተጣጥፎ በረንዳ ላይ ተቀምጧል፤ መኪናዋ የለችም። ልጅቷ ልምምድ ወጥታ ይሆናል ብላ አልተጨነቀችም፤ የጎረቤቷ የማናልሞሽ ራስ በአጥሩ ላይ ብቅ እስኪል ድረስ። ማናልሞሽ የሰፈሩን ወሬ ከባለቤቶቹ ቀድማ የምታውቅ ሴት ናት። ሮዳስ መኪናዋን በጠዋት ወደ አልአዛር ጋራዥ መውሰዷን፣ አልአዛር ማለት ያ አዲስ አበባ ሠርቶ የተመለሰው፣ ቀለም ሳይነካ የተጎዳ በር የሚያቃናው ጎረምሳ መሆኑን፣ በሩ ላይ ያሉት የሚያስጠሉ ጉድጓዶች ሁሉ ዛሬ እንደሚጠፉ በደስታ ነገረቻት።

«እንዳልነግርሽ ግን አደራ ብላኛለች» ብላም ጨመረች።

የዓለምዘርፍ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ መንገድ ወጣች።

ሰው ሲቸኩል የሚዛን ባጃጆች ሁሉ ሙሉ ይሆናሉ፤ ባዶው ሲገኝ ደግሞ ሾፌሩ ዘመደ ብዙ ሆኖ ይገኛል። እሷ የተሳፈረችበትን ባጃጅ የሚነዳው ሀይደር የሚባል ሰው ነው፤ ከተማው ውስጥ ሰላም ሳይለው የሚያልፈው ፍጡር የለም። ለአንዱ እጁን ያነሣል፤ ለአንዷ ፍጥነቱን ቀንሶ የእናቷን ጤና ይጠይቃል። ዝናቡም ሳያስጠነቅቅ ወረደና የባጃጁ ፕላስቲክ መጋረጃ ፊቷ ላይ ይማታ ጀመር። የዓለምዘርፍ ግን በልቧ ከማርያም ጋር እየተደራደረች ነበር። መጀመሪያ ምንም ሳይነካ ልድረስ አለቻት። ገበያውን ሲያልፉ፣ እሺ ግማሹን ይተውልኝ አለች። ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ላይ ሙዝ የጫነ ኤፍኤስአር ከፊታቸው ሲንቀራፈፍ ደግሞ አንዷን፣ አንዷን ብቻ፣ ብላ ለመነች።

የአልአዛር ጋራዥ መንገድ ዳር በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ከባጃጁ ወርዳ አጥሩን ስትጠጋ ድምፁን ሰማችው።

ኳ ኳ። ኳ።

 የአጥሩን ቋሚ ይዛ ቆመች። ድምፁ ያ ድምፅ ነው፤ ያው በር፣ ያው ላሜራ፣ ከውስጡ የሚመልሰው የባዶነት ድምፅ ሳይቀር። ከንፈሯ ሳይታወቃት ተላቀቀ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጅማም፣ ቀብሩም፣ ሁለቱ ዓመታትም ውሸት ሆኑላት። ከዚያ ድምፁ ቀጠለ፤ ኳ ኳ ኳ ኳ ኳ እያለ፣ እንደ ማንኛውም የጋራዥ ሥራ። ከፈለኝ እዚያው አጥሩ ሥር እንደገና ሞተባት።

ገባች። ሮዳስ ከተቀመጠችበት ጎማ ላይ ፈገግ ብላ ተነሣች፤ የእናቷን ፊት ስታይ ፈገግታው ጠፋ። አልአዛር ከቡና ግንድ የተጠረበች፣ ጫፏ ድቡልቡል የሆነች አጭር ዘንግ በአንድ እጁ፣ ትንሽ መዶሻ በሌላው ይዞ በሩ ፊት ተንበርክኳል። ከጎኑ ጥቁርና ነጭ መስመር የተቀባ ሰሌዳ ቆሟል፤ መስመሮቹ አረንጓዴው በር ላይ በመስታወት ውስጥ እንዳሉ ሆነው ይታያሉ። ሁሉም ቀጥ ያሉ ናቸው። የትም ቦታ ላይ፣ ስርጉድ ቀርቷል የሚያሰኝ ጎባጣ መስመር የለም።

የዓለምዘርፍ በሁለቱ መሃል አልፋ መዳፏን ከመስኮቱ በታች አሳረፈች። በሩ ለስልሷል። የማታውቀው ሰው በር ሆኗል።

«አባትሽን የት አደረግሽው?» አለቻት ልጇን።

 መልስ የሰጠው አልአዛር ነው፤ ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀውን ማውራት ይቀለዋልና ስለ ሥራው ማስረዳት ጀመረ። የበሩን የውስጥ ሽፋን እንዴት እንዳወለቀ፣ በታጠፈ ቀጭን ብረት ስርጉዱን ከጀርባው በትንሽ በትንሹ እየገፋ እንዴት እንደመለሰው፣ ከልኩ በላይ የወጣውን ደግሞ በዘንጓ መታ መታ እያደረገ እንዴት እንዳስተኛው ነገራት። ቀለሙን እንዳልነካው ማለላት። ፀሐይ ያደበዘዘውን አሮጌ አረንጓዴ የሚመስል ቀለም ሚዛን ውስጥ ስለማይገኝ፣ ቢቀባ ኖሮ በሩ እንደ እራፊ ጨርቅ ይለይ ነበር አለ። ቀለሙ ራሱ የተላጠባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ግን እንዳሉ ይቀራሉ፤ ይህንንም ለልጅዎ ጠዋት ነግሬያታለሁ አለ። የዓለምዘርፍ አልሰማችውም።

«መልሰህ ልታደርጋቸው ትችላለህ?» አለችው።

አልአዛር ሮዳስን አየ፤ ከዚያ ዘንጓን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ላሜራ መጉዳት ቀላል ነው፣ እትዬ። ግን የኔ ጉዳት ነው የሚሆነው። የሳቸው አይሆንም።»

እሷም ልክ መሆኑን ስላወቀች ደሟ ፈላ፤ ንዴቷም ዞሮ ልጇ ላይ ወረደ። ማን ፈቀደልሽ አለቻት። ለራሴ ያስቀረሁት እሱን ብቻ ነበር አለቻት። ቀለበቱን ሰጠሁሽ፣ ፎቶውን ሰጠሁሽ፣ ጃኬቱን ለአጎትሽ ሰጠሁ፤ በሩን እንኳ ልትተዪልኝ አልቻልሽም አለቻት። ሮዳስ ቆማ ሰማች። አልአዛር የሚሄድበት አጥቶ የበሩን ሽፋን መልሶ ይገጥም ጀመር፤ ከወትሮውም ቀስ ብሎ ገጠመው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዝናቡ የመኪናዋን ጣሪያ ይቀጠቅጣል፤ ሮዳስ አዲስ ሾፌር ናትና መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ይዛዋለች። ገበያውን ካለፉ በኋላ ድንገት ዳር ይዛ አቆመች። የዓለምዘርፍ ሞተሩ የጠፋባት መስሏት ነበር።

«እማዬ፣ ያን ቀን እኔም ቤት ነበርኩ» አለች ሮዳስ፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል። «ልቀድምሽ ሮጬ ነበር። ክላክሱ ሲመጣ እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ እነዚያን ስርጉዶች ባየሁ ቁጥር ማንኳኳቱን እሰማለሁ። እሰማና እነሣለሁ፤ ከተነሣሁ በኋላ ክላክሱ ይመጣል። ጅማም ሆኜ፣ መድኃኒት እየሸጥኩ እንኳ እሰማዋለሁ። እነሱ ቢጠፉ ይተወኛል ብዬ ነው።»

የዓለምዘርፍ ለሁለት ዓመት ያን ክላክስ የሰማችው እሷ ብቻ ይመስላት ነበር። ልጅቷ ከሷ ፊት፣ በሩ ሥር፣ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋ እንደነበረች ረስታዋለች። ረስታው ሳይሆን አላየቻትም፤ ያን ዕለት የራሷን ሐዘን እንጂ ሌላ አላየችም። 

«ተወሽ ታዲያ?» አለቻት።

«ልጁ ሲመታው ስሰማ ሦስቴ ከጎማው ላይ ተነሣሁ» አለች ሮዳስ። «አልተወኝም።»

የዓለምዘርፍም ያኔ ተናገረች። ማታ ማታ ሸራውን እየገለጠች በሩን እንደምትዳስስ፣ የትኛው ስርጉድ ከየትኛው ጎን እንዳለ ጨለማ ውስጥ እንኳ እንደምታውቀው ነገረቻት። ሮዳስ ይሄን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም አለቻት። የዓለምዘርፍም አንቺስ አለቻት። መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብለው ዝናቡ እስኪያባራ አለቀሱ። አንዲት ሙዝ ሻጭ በመስኮቱ አጎንብሳ አይታቸው «ሙዝ» ብላ ሳትጣራ አለፈች።

ደጃፋቸው ሲደርሱ ዝናቡ ቆሞ ደመናው ተገልጦ ነበር። የዓለምዘርፍ የግቢውን በር ልትከፍት ወረደች። በመኪናዋ ፊት ስትዞር፣ እጇ ለሁለት ዓመት ወደለመደው ቦታ ራሱ ሄደ። እርጥቡን ላሜራ ዳሰሰችው፤ ለስላሳ ነው። ይዛው ቆየች። ከዚያ ጣቷ አንድ ነገር ነካ። የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ሻካራ ነጥብ ናት። ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ አለች፤ ከሥሯም ሌላ። ጎንበስ ብላ አየች። ቀለበቱ ለዓመታት ሲያርፍባቸው አረንጓዴው የተላጠባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ላሜራው ቢቃናም እነሱ ከነቦታቸው አሉ። አልአዛር ጋራዥ ውስጥ ሲናገረው ያልሰማችው ነገር አሁን ተሰማት።

«እጅሽን አምጪው» አለቻት ልጇን።

ሮዳስ ግራ ክንዷን በመስኮቱ አወጣች። የዓለምዘርፍ የልጇን ጣት ይዛ ነጥቦቹ ላይ አኖረችው፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። የብሩ ቀለበት ከነክሩ እዚያው ነበር። ሮዳስ ጣቷን ከቦታው አላነሣችም። እናቷ ትታት በትንሿ በር ወደ ግቢው ገባች፤ ትልቁን በር የሚዘጋው መቀርቀሪያ ከውስጥ ነውና።

ግቢው ውስጥ አቮካዶው ገና ውሃ ያንጠባጥባል። መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ደረቅ አፈር ነበር፤ አሁን እሱም ረጥቧል። የዓለምዘርፍ መቀርቀሪያውን ያዘች። ከውጭ ሞተሩ ብቻ ይሰማል። ጆሮዋ ክላክሱን መጠበቅ ሲጀምር ታወቃት፤ ትከሻዋም ከወዲሁ ተሸማቀቀ።

ኳ ኳ።

ትንሽ ቆየት አለ። የልጅቷ እጅ ገና አልለመደም፤ ቀለበቱም ክር አለበት።

ኳ።

«መጣሁ» አለች የዓለምዘርፍ። እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነበር፤ ከዚያ በላይ የምትመጣበት ርቀት አልነበረም። ድምፅዋ ተሰነጣጥቆ ወጣ፤ በሩ ማዶ ላለችው ልጇ ግን ተሰማት። መቀርቀሪያውን ሳበችና በሩን ከፈተችላት።